ትሪመሬ ቀልሃውን እኩል አልቆርጥ አለኝ፤ አገጣጠሜ ይሆን?

ኮሎራዶ_አዳኝ (ጠያቂ) · ቅዳሜ ማታ

ሰላም ወገኖች። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ የማነብ ሰው ነበርኩ። አሁን ግን ነገሩ ከአቅሜ በላይ ሆነና መጻፍ ግድ አለኝ።

አጋዘን የማድነው በ.308 ዊንቸስተር ነው። የፋብሪካ ጥይት ዋጋ ቢያንገበግበኝ ባዶ ቀልሃ እየሰበሰብኩ ራሴ መሙላት ጀመርኩ። ፕሬስና ዳይ (ቀልሃውን ወደ ልኩ የሚጨምቀው የብረት ቅርጽ) አለኝ። ትሪመሩን፣ ማለት የቀልሃውን አፍ በልክ የሚቆርጠውን፣ ያገኘሁት ከጋራዥ ሽያጭ ነው። በእጅ የሚዞረው፣ ትንሽ ቶርኖ የሚመስለው ዓይነት ነው።

ችግሩ የምኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። የሥራ ጠረጴዛ የለኝም። የተረፈ የመደርደሪያ ጣውላ ላይ ትሪመሩን በእንጨት ቪቴ መታሁት። ጣውላውን ደግሞ በአንድ ሞርሴቶ ከምግብ ጠረጴዛው ጋር ነከስኩት። ጠረጴዛው ከካርቶን ወጥቶ በብሩጎላ የሚገጣጠም ዓይነት ነው፤ ታውቁታላችሁ።

የፈለግኩት ልክ 2.005 ኢንች ነው። ሃያ ቀልሃ ቆረጥኩ። አጭሩ 2.001 ወጣ፣ ረጅሙ 2.009። ይባስ ብሎ አንዳንዱ አፉ በአንድ ወገን ተልጦ በሌላው ወገን ምላጩ ጭራሽ አልነካውም። እጀታውን ሳዞር ጠረጴዛው አብሮኝ ይጨፍራል። ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው? ወይስ አሮጌ ነገር ገዝቼ ተሸወድኩ?

ሰሜን_ንፋስ · ቅዳሜ ማታ

እንኳን ደህና መጣህ። ጠረጴዛውን ከመስደብህ በፊት ሦስት ጥያቄ ልጠይቅህ። መጀመሪያ በዳይ ሳይዝ አድርገህ፣ ማለት ወደ ልኩ ጨምቀህ ነው የቆረጥከው ወይስ እንደተተኮሰ? ያረጀው ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቆብ) ወጥቷል ወይስ ቂጡ ላይ አለ? ካሊፐርህን፣ መለኪያህን ማለቴ ነው፣ ዘግተህ ዜሮ ማለቱንስ አይተሃል?

ኮሎራዶ_አዳኝ · ቅዳሜ ማታ

እ... ካሊፐሩ ዜሮ ነው። ሳይዝ ግን አላደረግኩም። ዳዩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቀልሃው የሚቀባው ቅባት እጄን እንዳያቆሽሸው ብዬ መጀመሪያ ልቁረጥ አልኩ። ፕራይመሩም ገና እዚያው አለ።

ሰሜን_ንፋስ · ቅዳሜ ማታ

በለው! ግማሹን መልስ ራስህ ሰጠኸው።

ቀልሃ ናስ ነው። ሲተኮስ ይነፋል። ዳዩ ውስጥ ስትጨምቀው ደግሞ ናሱ መሄጃ ሲያጣ ወደ አንገት ይሸሻል፤ ስለዚህ ይረዝማል። ዛሬ 2.005 ብለህ የቆረጥከው ነገ ከዳዩ ሲወጣ ሌላ ቁጥር ነው የሚነግርህ። ቅደም ተከተሉ መቼም አይለወጥም፦ ሳይዝ አድርግ፣ ቅባቱን ጥረግ፣ ለካ፣ ከዚያ ቁረጥ።

ፕራይመሩም ዳዩ ውስጥ ባለው መርፌ በዚያው ይወጣልሃል። የተተኮሰ ፕራይመር አንዳንዴ ከቂጡ ትንሽ ብቅ ይላል። ካሊፐርህ ያኔ የሚለካው ቀልሃውን ሳይሆን ፕራይመሩን ነው።

ዝም_በል_ተኩስ · እሁድ

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የ.308 ከፍተኛው ርዝመት 2.015 ነው። የዚህ ልጅ ረጅሙ ቀልሃ 2.009። ገና የኢንች 6 ሺኛ ይቀረዋል። ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ያለው ልዩነት ሁሉ ተደምሮ 0.2 ሚሊሜትር ነው። አጋዘን ይሄን አይለካም። ሞልተህ ውጣ!

ሰሜን_ንፋስ · እሁድ

ለአደን ልክ ነህ፣ 2.009 ማንንም አይጎዳም። ግን እሱ የለካው ሳይዝ ያልተደረገ ቀልሃ ነው። ከዳይ ሲወጣ ስንት እንደሚሆን አንተም እኔም አናውቅም።

2.015 ደግሞ ለጌጥ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። ቀልሃው ከዚያ አልፎ ሲረዝም አፉ ከቻምበሩ (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የጠመንጃው ክፍል) ጫፍ ወደ ጠባቡ የአፈሙዝ መግቢያ ይሄዳል። ብረቱ አፉን አረሩ ላይ ቆንጥጦ ይይዘዋል። ባሩዱ ሲነድ አረሩ ለመልቀቅ መንገድ ያጣል፤ ግፊቱም ከልክ በላይ ይወጣል። ፊትህ አጠገብ ስለሚፈነዳ ነገር ነው የምናወራው።

ተግባረዕድ_ቶርኖ · እሁድ ከሰዓት

ልጆች፣ ስለ ርዝመቱ የተባለው ትክክል ነው። ስለ አገጣጠሙ ግን ማንም አልመለሰለትም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ፤ እስቲ ልናገር።

ጠረጴዛው መጨፈሩ ልክህን አያበላሽም። አስበው፦ ምላጩም ቀልሃውም የተያዙት በአንድ ብረት አልጋ ላይ ነው። ጠረጴዛው ሲናጥ ሁለቱም አብረው ይናጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። እጅህ ይደክማል፣ ጎረቤት ይቆጣል፣ ከዚያ ያለፈ የለም።

ልክ የሚያበላሸው አልጋው ሲጣመም ነው። ሦስት እግር ያለው በርጩማ የትም ብታስቀምጠው አይወላገድም። አራት እግር ያለው ግን መሬቱ ካልተስተካከለ አንድ እግሩ ይንጠለጠላል። የትሪመርህ መሠረትም እንደዚያው ነው። የመደርደሪያ ጣውላ ደግሞ በባሕርዩ ይቆለመማል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይብሳል። አንተ ግን ቪቴውን ግጥም አድርገህ ስታጠብቅ የተንጠለጠለውን እግር በጉልበት ወደ ታች ሳብከው። ብረቱ ተጠመዘዘ። ቀልሃውን የያዘው ራስና ምላጩን የያዘው ዘንግ አሁን አይተያዩም። አፉ በአንድ ወገን ብቻ የሚላጠው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንዱን ቪቴ ፍታው። በምትፈታበት ጊዜ መሠረቱ ከጣውላው ቀና ካለ ተጣሞ ነበር ማለት ነው። የለስላሳ ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጠህ ከሥሩ ክተትበት። ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። አንድ፣ ካልበቃም ሁለት። ከዚያ እግሮቹን በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቅ። እኛ ትልቁን ቶርኖ የምናስተካክለውም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የክብደቱ ብቻ ነው።

ሌላው ደግሞ በእንጨት ቪቴ አትምታው። ይላላል። ብሎን በዳዶና በሮንዴላ አድርገው።

ኮሎራዶ_አዳኝ · እሁድ ከሰዓት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሥራ ስመለስ እሞክረዋለሁ። አፓርታማ ላለ ሰው ጣውላውን ምን ባደርገው ይሻላል ይላሉ? ጠረጴዛውን መብሳት አልችልም። ባለቤቴ ትበሳኛለች።

ተግባረዕድ_ቶርኖ · እሁድ ማታ

ሚስትህ ልክ ናት።

የመደርደሪያውን ጣውላ ጣለው። 19 ሚሊሜትር ፕላይውድ ግዛ፤ እዚያ ሦስት አራተኛ ኢንች የሚሉትን። ፕላይውድ ሽፋኖቹ እርስ በርስ ተሻግረው የተጣበቁ ስለሆኑ እንደ ተራ ጣውላ አይቆለመምም። ከትሪመሩ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ጋት ትርፍ ተውለት፤ ሞርሴቶው የሚነክሰው እዚያ ነው። ብሎኑን ከሥር ወደ ላይ አስገባው። ራሱ እንጨቱ ውስጥ እንዲሰምጥ በትራፓኖ አስፋለት፤ አለበለዚያ ጠረጴዛውን ይቧጭረዋል። ዳዶውን ከላይ እሰር። ከሥር የመሳቢያ ላስቲክ ምንጣፍ ለጥፍበት።

ሞርሴቶ አንድ አይበቃም፤ ሁለት አድርግ፣ ግራና ቀኝ። አንድ ብቻ ሲሆን ጣውላው እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል።

የማዞሪያ እጀታው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ማለቱን እይ። ብዙ ሰው ትሪመሩን መሀል ላይ ያስርና ባዞረ ቁጥር ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ይፈገፍጋል። እኔም የመጀመሪያ ቀን እንደዚያው አድርጌያለሁ። ከሃያ ዓመት ቶርኖ በኋላ!

ቴክሳስ_እህት · እሁድ ማታ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን የልጁ የርዝመት ልዩነት ከጣውላው የመጣ አይመስለኝም። ቀልሃውን የሚይዘው በኮሌት፣ ቂጡን ዙሪያውን ጨብጦ በሚይዝ ቀለበት ነው አይደል? እኔም እንደዚያ ዓይነት ነበረኝ።

ኮሌት ሲጠብቅ ቀልሃውን ትንሽ ወደ ኋላ ይስበዋል። አንዱን በኃይል፣ ሌላውን ለስለስ አድርገህ ካጠበቅህ ሁለቱ እኩል አይቀመጡም። ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ ድብልቅ ቀልሃ ከሆነ ደግሞ የቂጡ ጠርዝ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ከሁሉ በላይ ግን የናስ ብናኝ! ኮሌቱ ውስጥ አንዲት ፍርፋሪ ከገባች ቀልሃው ወደ ፊት ይገፋና ያለልክ ያጥራል። እኔ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠገቤ አስቀምጬ ከየአምስቱ በኋላ እጠርገው ነበር።

አሁን የምተኩሰው .223 ነው፤ ለውድድር ስለሆነ ቁጥሩ ብዙ ነው። ትራፓኖ ላይ የሚገጠም ትሪመር ገዛሁ። የሚለካው ከቂጥ ሳይሆን ከትከሻ፣ ቀልሃው ወደ አንገቱ ከሚጠብበት ቦታ ነው። ቀልሃውን ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ፣ ትከሻው ሲገጥም መቁረጡን ያቆማል። የሚታሰር ነገርም የለውም። ግን ትከሻው እኩል ካልሆነ ርዝመቱም እኩል አይሆንም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ በተስተካከለ ዳይ ሙሉ ሳይዝ ማድረግ ግዴታ ነው። ለ.223 ከፍተኛው 1.760 ነው፤ እኔ 1.750 ላይ እቆርጣለሁ።

ዝም_በል_ተኩስ · ሰኞ

ለሃያ ቀልሃ ይሄ ሁሉ ጣጣ! ሊ (Lee) የሚባለውን ኩባንያ ትንሿን መቁረጫ ግዛና ተገላገል። ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም። ዘንጓ በቀልሃው ውስጥ አልፋ፣ በፕራይመሩ ቀዳዳ ወጥታ ከታች ያለውን ብረት ስትነካ ትቆማለች። ልኩ ከፋብሪካ የተሠራ ነው። ጣውላ የለ፣ ሞርሴቶ የለ፣ የለስላሳ ቆርቆሮ የለ። ሶፋ ላይ ቁጭ ብለህ ትቆርጣለህ።

ተግባረዕድ_ቶርኖ · ሰኞ

እሱ ያልከው እውነት ነው፤ ለአንድ ካሊበር ለሚሠራ ሰው ከእኔ ምክር ይሻላል። ጉድለቱ ልኩን መለወጥ አለመቻልህና ለየካሊበሩ ሌላ ዘንግ መግዛትህ ነው። ግን ሶፋ ላይ አትቁረጥ። ናስ በማግኔት አይነሳም። ስፌቱ ውስጥ ከገባ ዕድሜ ልክህን ይወጋሃል።

አዲስ_ገብ · ሰኞ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣና፣ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ይሄን ሥራ እዚህ መሥራት ይቻላል?

ሰሜን_ንፋስ · ሰኞ

ወንድሜ፣ እንዳትሞክረው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያም ጥይትም ያለ ፈቃድ መያዝ፣ ማምረት፣ መነገድ የተከለከለ ነው። ጥይት እቤት ውስጥ የሚሞላ ሰው ለፖሊስ ምን ብሎ ሊያስረዳ ነው?

አሜሪካ ያላችሁም ስሙ። ለራስህ መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም። ለትርፍ እየሸጥክ ንግድ ስታደርገው ግን የአምራች ፈቃድ ያስፈልግሃል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ጥይት መያዙ ራሱ በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ ክልክል ነው። የአደን ፈቃድ ላለው ልዩ ሁኔታ አለ፤ ግን በወሬ ሳይሆን ከጠበቃ ጋር ተነጋግራችሁ ይሁን። ግሪን ካርድ ላለው ይህ ክልከላ የለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ የየስቴቱ ሕግ አለ።

የመንዝ_ልጅ · ሰኞ ማታ

ባዶ ቀልሃ ስትሉ አያቴ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ቀልሃ ሲጥሉ አይቼ አላውቅም። ዱሮ ጥይት ከአሞሌ ጋር እንደ ገንዘብ ገበያ ላይ ይመነዘር እንደነበር ሲያጫውቱን እኛ እንስቅ ነበር። አሁን እኔው ራሴ ሚኒሶታ ተኩስ ሜዳ ላይ ጎንበስ ብዬ የሰው ቀልሃ ስለቅም እገኛለሁ። አንዱ ፈረንጅ "ምን ጠፋብህ?" አለኝ።

ኮሎራዶ_አዳኝ · ሐሙስ ማታ

ተመልሻለሁ። ሁለት ምሽት ሠርቼ ውጤቱን ላምጣ።

አንደኛ፣ ጋሼ እንዳሉት አንዱን ቪቴ ስፈታ የመሠረቱ ጥግ ከጣውላው ቀና አለ! በዓይን ይታያል። ፕላይውድ ገዛሁ፣ ብሎን አሰርኩ፣ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ከኋላው ቀኝ እግር ሥር ከተትኩ። የቀልሃውን አፍ በጥቁር ማርከር ቀብቼ አንድ ዙር ቀስ ብዬ አዞርኩ። ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ተፋቀ።

ሁለተኛ፣ ኮሌቱን ፈትቼ ሳየው ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ናስ ሁሉ ውስጡ ተጋግሯል። በብሩሽ ጠረግኩት።

ሦስተኛ፣ ሁሉንም ሳይዝ አድርጌ ስለካ ቅዳሜ 2.009 ያልኩት 2.013 ሆኖ አገኘሁት። ደነገጥኩ። አንዱማ 2.017 ነበር። ያንን ሞልቼ ልተኩሰው ነበር።

አሁን ስቆርጥ አጭሩ 2.004፣ ረጅሙ 2.006። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ምላጩ የት ድረስ እንደሚቆርጥ የሚወስነውን ማቆሚያ ልኩ ላይ ለማምጣት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሦስት ቀልሃ አበላሸሁ። እናንተ እንዴት ታደርጉታላችሁ?

ተግባረዕድ_ቶርኖ · ሐሙስ ማታ

ጎበዝ! የኢንች 1 ሺኛ ወዲህ 1 ሺኛ ወዲያ ከሆነ ከእጅ መሣሪያ ሌላ ምን ትፈልጋለህ።

ማቆሚያውን ከረጅሙ ወገን ነው መቅረብ። ረጅም ቀልሃ እሰር። ምላጩ አፉን ገና ሲነካ ማቆሚያውን እዚያው ቆልፈው። ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ወደ ውስጥ ልቀቀው፣ ቁረጥ፣ ለካ። እንደገና። 2.007 ስትደርስ ትዕግሥት አድርግ፤ ሰው ሁሉ የሚያልፈው እዚያ ነው። ልኩ ላይ ስትደርስ ብሎኑን ቆልፍና እንደገና አንድ ሌላ ቀልሃ ቁረጥ፤ መቆለፉ ራሱ ያንሸራትተዋል። ጥሩ የወጣውን ቀልሃ በማርከር "2.005" ብለህ ጽፈህ አስቀምጠው፤ ፈጽሞ አትሙላው። በሚቀጥለው ዓመት ትሪመሩን ከመደርደሪያ ስታወርደው እሱን አስረህ ምላጩን አፉ ላይ ታደርስና ማቆሚያውን ትቆልፋለህ። በአምስት ደቂቃ አለቀ።

አበላሸሁ ያልካቸውን ሦስቱን ስንት አደረስካቸው? 2.000 ከሆኑ አልተበላሹም። ትንሽ ማጠር አደጋ የለውም። ለብቻ አስቀምጣቸው።

አዟዟርህ ለስላሳ ይሁን፤ አትጫን። ምላጩ ናስ መላጥ ሲያቆም ታውቀዋለህ፣ ድምፁ ይለወጣል። ወደ ኋላ አታዙር፣ ጥርሱን ያደነዝዘዋል። ፓይለቱ፣ ከምላጩ ፊት ወደ ቀልሃው አፍ የሚገባው ዘንግ፣ በአንገቱ ውስጥ ሲከብድህ አንድ ጠብታ ዘይት ንካው። ከጨረስክ በኋላ አፉን ከውስጥም ከውጭም ሰንፈር ማውጫ (የጠርዙን ስለት የሚያነሳውን) አዙርበት፤ ሁለት ዙር ይበቃል። ምላጭ እስኪሆን አትሳለው፤ አንተ የምትፈልገው አረሩ ሳይቧጨር እንዲገባ ብቻ ነው።

ቴክሳስ_እህት · ሐሙስ ማታ

አንድ ነገር ልጨምር፣ የ2.017ቷን በተመለከተ። ያ ሁሉ ርዝመት ከየት መጣ? ናስ አይወለድም። ወደ አንገት የሄደው ከታች፣ ከቂጡ ከፍ ብሎ ካለው ግድግዳ ነው። እዚያ እየሳሳ ይሄዳል። ደጋግሞ የተቆረጠ ቀልሃ ሲሆን ከቂጡ በላይ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካየህበት ጣለው። ካላየህም የወረቀት መያዣ ሽቦ ዘርግተህ ጫፉን ጎንበስ አድርገውና በውስጥ ግድግዳው ላይ ከታች ወደ ላይ ጎትተው። ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጣትህ ይሰማዋል። እሱን ካገኘህ ፒንሳ ወስደህ አፉን ጨፍልቀው፣ ማንም መልሶ እንዳያነሳው።

ደግሞ የምግብ ጠረጴዛ ያልከው አላማረኝም። የተተኮሰ ቀልሃ ውስጥ የፕራይመር ጥላሸት አለ፤ በአብዛኛው ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለበት። ልጅ አለህ? ትሪ ዘርጋበት፣ ስትጨርስ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ። እንጀራ የሚቀርብበት ላይ አይሆንም።

ኮሎራዶ_አዳኝ · ዓርብ

ሦስቱ 1.999፣ 2.000፣ 2.000 ናቸው። ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ። የ2.017ቷን በሽቦ ፈተሽኳት፤ ጎድጓዳ ቦታ የነካሁ መሰለኝ። ጨፍልቄ ጥያታለሁ።

ጠረጴዛውን በተመለከተ ቀድማችሁኛል። ባለቤቴ ትናንት ቡና ስታፈላ ረከቦቱ ላይ የናስ ልጣጭ አገኘች። "ይሄ ወርቅ ነው ወይስ ሥራህ?" አለች። ከዛሬ ጀምሮ ፕላይውዱ ወደ በረንዳ ተሰዷል። በረንዳው ላይ ያለው የብረት መደርደሪያ ደግሞ ከጠረጴዛው ይልቅ አይነቃነቅም። እዚያ አስሬው የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ቆረጥኩ፤ ሁሉም 2.005 ወይም 2.006። የኮሎራዶ ብርድ ግን ጣቴን ሊቆርጠው ነው።

ዝም_በል_ተኩስ · ዓርብ

ሊዋን ግዛ አልኩህ እኮ።